የገልባጭ ጎማና የጠፍር መቀመጫ

የሚስቴ ወንድም እኔ በሌለሁበት ከውኃው አባሮኛል። ነገሩ ይኸው ነው። አባቴ ሞቶ ሞላሌ አጠገብ ወዳለው አገሬ ሄጄ ነበር፤ አርባውን አውጥቼ ስመለስ ቦታዬን ለአጎቱ ልጅ ሰጥቶ ጠበቀኝ።

ዓሣ የምናጠምደው መርሐቤቴ ቆላ፣ ጀማ ወንዝ ላይ ነው። ሦስት ሆነን አንድ መረብ እንይዛለን። ወንዙ ታጥፎ የሚጠልቅበት ቦታ አለ፤ እኛ ባሕር እንለዋለን። ሁለት ሰው ዳር ቆሞ የመረቡን አንድ ጫፍ ይይዛል። ሦስተኛው በተነፋ የመኪና የውስጥ ጎማ ላይ ተቀምጦ፣ ኮንጎ ጫማውን በእጁ አጥልቆ እየቀዘፈ፣ ሌላውን ጫፍ ባሕሩን አዙሮ ያመጣል። እሱ የውኃ ሰው ይባላል። መረቡ የት እንደሚወድቅ የሚወስነው እሱ ነው፤ ከወጣው ዓሣም መጀመሪያ የሚመርጠው እሱ ነው። ዳር ቆሞ ገመድ የሚጎትተውን ሰው ሐሳብህ ምንድን ነው ብሎ የሚጠይቀው የለም። እኔ አራት ዓመት የውኃ ሰው ነበርኩ።

«ጋሼ፣ ለነፍስህ ብለን ነው» አለኝ የሚስቴ ወንድም። በዕድሜ ስለምበልጠው ጋሼ ይለኛል። ሲያባርረኝም ጋሼ ነኝ። «ጎማህ አይችልህም፤ ወፍረሃል። አምና ስትገለበጥ አይተናል። ብትሰምጥ ለእህቴ ምን ብዬ እነግራታለሁ?»

«ሳልሄድ ለምን አልነገርከኝም?»

«ሐዘን ላይ ነበርክ።»

«ሐዘን ላይ ያለ ሰው ቦታው ይወሰዳል?»

የአጎቱ ልጅ ጎንበስ ብሎ መረቡን ያጥባል፤ ትከሻው ሲንቀጠቀጥ እየሳቀ እንደሆነ ገባኝ።

እውነቱን ልናገር። ስለ ጎማው የተናገረው ትክክል ነበር። የሚኒባስ ጎማ ነበረች። ስቀመጥባት ውኃው ደረቴ ድረስ ይመጣል፤ የአየር መሙያዋ ብረት ጎኔን ትወጋኛለች። ዋና ደግሞ አልችልም። እኔ ያደግሁበት አገር ውኃ ቢበዛ እስከ ጉልበት ነው፤ ማን ዋና ያስተምረኛል? ጀማ ውስጥ አዞ አለ፣ የለም እያሉ ሰዎች ሲከራከሩ እሰማለሁ። ዳር ለሚቆም ሰው ጨዋታ ነው። እግሩ ከጎማ ሥር ተንጠልጥሎ ለሚውል ሰው ጨዋታ አይደለም። አራት ዓመት ሙሉ ጠዋት ጠዋት እየፈራሁ ነበር የምገባው፤ ለማንም አልተናገርኩም። ፈሪ መሆኔ የራሴ ጉዳይ ነው። በሌለሁበት መወሰን ግን ሌላ ነው።

ከባሕሩ ዳር ያለው እርሻ የአንድ ሽማግሌ ነው። በወንዙ የተጣላ ሁሉ እሳቸው ዘንድ ይቀርባል። ሁለታችንንም ዛፍ ሥር አስቀምጠው ሰሙን።

«ሰውየው በሌለበት የተወሰነ ነገር አይጸናም» አሉ ለሚስቴ ወንድም። ደስ ብሎኝ ቀና ስል ወደ እኔ ዞሩ። «አንተም በዚያች ቀለበት ባሕር አትገባም። ሬሳ ከወንዝ ማውጣት ሰልችቶኛል። የሚችልህን ጎማ አምጣ። መረቡን ይዘህ ባሕሩን ሁለት ጊዜ ካዞርክ ቦታው ያንተ ነው። ካቃተህ ግን ገመድ ትጎትታለህ፤ ሁለተኛ እኔ ዘንድ እንዳትመጣ።»

«እሺ አባባ» አልኩ።

ጎሚስታው ከተማ መግቢያ ላይ ነው፤ ሸምገል ያሉ ሙስሊም፣ ሐጂ እንላቸዋለን። ሦስት አሮጌ የውስጥ ጎማዎች ነፍተው ከበራቸው ላይ ደረደሩልኝ፤ የሚኒባስ፣ የገልባጭና የትራክተር። ማንበብ የቻልኩት ባርባ አንድ ዓመቴ፣ በጎልማሶች ትምህርት ነው። ስለዚህ የተጻፈ ነገር ካየሁ ሳላነብ አላልፍም። ጎማዎቹ ላይ ያለውን ቁጥር አንድ በአንድ አነበብኩና የትራክተሩን መረጥኩ።

«ቁጥሩ ይበልጣል ሐጂ።»

«ቁጥሩ ለቸርኬ ነው እንጂ ለቂጥ አይደለም» አሉ። «ተቀመጥበት እስቲ።»

እዚያው መንገድ ዳር አፈር ላይ ተቀመጥኩበት። በመሐሉ ቀዳዳ ሸርተት ብዬ መሬት ደረስኩ፤ ጎማው ዙሪያዬን እንደ አጥር ቆመ። እጄን ብዘረጋ ከጎማው ወዲያ ያለውን መሬት መንካት አቃተኝ።

«በምን ልትቀዝፍ ነው? በአፍንጫህ?» አሉ ሐጂ። ሻይ የሚጠጡ ሾፌሮች ሳቁ። አንዱ «ቤት ነው የሚሠራበት፣ ክዳን ብቻ ነው የቀረው» አለ።

የገልባጩ ላይ ስቀመጥ ክንዴ በሁለቱም ጎን መሬት ነካ። ስፋቱ ይበቃል። የመሐል ቀዳዳው ግን እኔንም ሌላ ሰውም ያሳልፋል። ሐጂ ገልባጭ ጎማውን ውኃ በርሜል ውስጥ እያዟዟሩ አረፋ እንደማያወጣ አሳዩኝ። ከዚያ «ቀዳዳውን በናይለን ገመድ ጥለፈው፤ ጥልፉ ላይ ትቀመጣለህ» አሉኝ።

እሺ ብዬ ወጣሁ። በልቤ ግን ናይለን ምን ያደርግልኛል አልኩ። የመንዝ ሰው ነኝ፤ ጠፍር አልጋ ላይ ተወልጄ ጠፍር አልጋ ላይ ያደግሁ። ከአባቴ ተዝካር የታረደው በሬ ቆዳ ድርሻዬ ሆኖ ይዤው መጥቼ ነበር። ጠፍር አወጣሁለትና ገልባጩን እንደ አልጋ ጠፈርኩት። ቤት ውስጥ ስቀመጥበት ከበሮ ነው፤ አይነቃነቅም። ሚስቴ ቡና ቤት እንዳለ ወንበር ነው ብላ ቀለደች። እኔም ኮራሁ። የአባቴ በሬ ተሸክሞኝ ጀማን ሊሻገር ነው አልኩ።

በቀጠሮው ቀን ሽማግሌው ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። የመጀመሪያውን ዙር በሰላም ጨረስኩ። ውኃው ወገቤ ጋ ነው፤ ጎማው ቀጥ ብሏል። ሁለተኛውን ስጀምር ከሥሬ የሆነ ነገር ለስለስ ሲል ተሰማኝ። እንዳልሰማ ሆኜ ቀዘፍኩ። መሐል ላይ ስደርስ ውኃው ደረቴን አለፈ። ቆዳ ውኃ ሲጠጣ እንደሚለጠጥ የማያውቅ የደጋ ሰው የለም፤ ጠፍር ሲወጣ ቆዳው መጀመሪያ የሚዘፈዘፈው ለዚያ ነው። እኔ ግን አልጋ ውኃ ውስጥ ገብቶ አይቼ ስለማላውቅ ጨርሶ አላሰብኩትም። ጠፍሩ እንደ ከረጢት ወረደ፤ እኔም ከነከረጢቱ ወረድኩ። ጎማው ብብቴ ሥር ቀረ። ጉልበቴ ጠፍሩ መሐል ተጠላልፏል፤ ባወጣው እሰምጣለሁ፣ ብተወው አልንቀሳቀስም። መረቡ አንገቴ ላይ ተጠመጠመ። ለመጣራት አፌን ስከፍት ውኃ ገባ።

የሚስቴ ወንድም በመረቡ ገመድ ጎትቶ አወጣኝ። ዳር ላይ በአራት እግሬ ሆኜ ስተፋ የአጎቱ ልጅ «ጋሼ፣ አልጋህን ይዘህ ነው እንዴ የምትሄደው?» አለ። የሚስቴ ወንድም አልሳቀም። ፊቱ አመድ መስሏል። ይህን ማየቴ ከውኃው በላይ አናደደኝ፤ የምር ፈርቶልኝ እንደነበር ገባኝ።

«ጎማው አልከዳውም፤ የከዳው ቆዳው ነው» አሉ ሽማግሌው። «የዛሬ ሳምንት ይድገም።»

ያ ሳምንት አላለቀልኝም። እህል አልበላልህ አለኝ። ናይለኑን ገዝቼ ጠለፍኩ፤ ፈታሁ፤ ደግሜ አጥብቄ ጠለፍኩ። ጎማውን ከነጥልፉ ሁለት ቀን ወንዙ ዳር፣ ጥልቀት በሌለው ውኃ ዘፍዝፌ ድንጋይ ጫንኩበት። በየሰዓቱ እየሄድኩ እጄን ከሥሩ እያስገባሁ እዳብሰው ነበር።

«ተወው በቃ» አለች ሚስቴ። «ወንድሜ ትክክል ነው።»

«ትክክል አይደለም አልኩ እንዴ?»

«ታዲያ ምን ፈለግህ?»

«ትክክል የሆነውን ነገር ፊት ለፊቴ እንዲለኝ።»

«ስለዚህ ልትሞት ነው?»

ጎማውን ልነፋ ወጣሁ።

በሳምንቱ ባሕሩ ዳር ስንደርስ የሚስቴ ወንድም ልብሱን ያወልቅ ጀመር። ምን እያደረገ እንደሆነ ሽማግሌው ጠየቁት።

«መጀመሪያ እኔ ልቀመጥበት አባባ» አለ። «እኔ ዋና እችላለሁ።»

ማንም ሳይመልስለት ጎማዬን ይዞ ገባ። እስከ መሐል ቀዘፈ፤ እዚያ ላይ ሆን ብሎ ዘለለበት፣ ተንጠለጠለበት፣ ሊገለብጠው ታገለ። ተመልሶ ሲወጣ ጎማውን እግሬ ሥር አስቀመጠ።

«ይችልሃል» አለኝ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «መጀመሪያም እንዲህ ማድረግ ነበረብኝ፤ ሳትሄድ።»

ኮንጎዬን በእጄ አጥልቄ ገባሁ። አንዱን ዙር አዞርኩ፤ ጥልፉን በጭኔ እየፈተንኩ ሁለተኛውን ጀመርኩ። መሐል ላይ አንድ ነገር እግሬን ነካኝ። ዓሣ ይሁን እንጨት እስከ ዛሬ አላወቅሁም። እንባዬ መጣ፤ ፊቴ በውኃ ርሶ ስለነበር ማንም አላየም። እጄ ግን መቅዘፉን አልተወም። ከዳር ደርሼ የመረቡን ጫፍ ለሚስቴ ወንድም አቀበልኩት፤ ተቀብሎ ቦታው ላይ ቆመና ጎተተ። የአጎቱ ልጅ አቧራውን ከሱሪው አራግፎ ሄደ።

ሽማግሌው ከድንጋያቸው ተነሥተው «ውኃው የሱ ነው፤ ከእንግዲህ በዚህ ነገር እንዳትመጡብኝ» አሉ። ቀኑ መጋቢት አሥራ አምስት ነበር።