ወፍህ ማነው?

ዓመቱን በትክክል አላስታውሰውም። የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ እኛ ሰፈር የደረሰበት ጊዜ እንደነበር ግን አውቃለሁ፤ ገብሱ ታጭዶ ገና ሜዳ ላይ ነበር፣ የኔም ጢም ያኔ ነው ማቀምቀም የጀመረው። የአንኮበርን ቁልቁለት የሚያውቅ ሰው ያን ወቅት አይስተውም። ጠዋት ውርጭ ነው፣ ቀን ፀሐይ፣ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ጉም ከቆላው ይነሣና አጠገብህ ያለውን ጎረቤትህን ይሸሽግብሃል።

ነገሩን ያስታወሰኝ ተከራዬ ነው። አሁን የምኖረው ደብረ ብርሃን ነው፤ ግቢዬ ውስጥ ካሉት ክፍሎች አንዱን ዳዊት የሚባል፣ ዩኒቨርሲቲ የሚያስተምር ልጅ ተከራይቶታል። ባለፈው ቅዳሜ የበሩ ቁልፍ አልዞር ብሎት ላግዘው ብገባ ግድግዳው በወረቀት ተሸፍኗል። ልብ ወለድ ሊጽፍ ነው። ሰዎቹ ከነስማቸው ተለጥፈዋል፤ ማን ማንን እንደሚያገባ፣ ማን ማንን እንደሚከዳ በቀስት ተሰምሯል። አንዱ ወረቀት ላይ «እዚህ ላይ ይሞታል» ይላል።

«ጽፈህ ጨረስከው ማለት ነው?» አልኩት።

«ኧረ ገና አልጀመርኩም አባባ። ይሄ ንድፉ ነው።»

«ሰውየው ሳይወለድ ሞቱን ለጠፍክለት?»

እሱ ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም። ንድፍ የምትለዋን ቃል ስሰማ ዛሬም ጀርባዬን ይበርደኛል።

ያን ጊዜ የአንዲት ባልቴት የእርሻ በሬ ጠፋ። አንድ በሬ ብቻ ነው የነበራት፤ ከሰው በሬ ጋር አቀናጅታ ነው የምታሳርሰው። አገሩ ሁሉ ወደ ቆላ ወረደ፤ አሊዩ አምባ ገበያ ድረስ ሄደው ለሽያጭ የተዘረጋውን ቆዳ ሳይቀር እያገላበጡ አዩ። ፍለጋውን የሚመራው ደምሴ የሚባል ጎረቤቷ ነበር፤ ድምፁ ከገደል ገደል የሚሰማ ሰው። በሬው ግን አልተገኘም።

በዚያው ሰሞን እኔ ፊደል ቆጥሬ ማንበብና መጻፍ ጀምሬያለሁ። ትምህርቴ በሙሉ ያችው የመሠረተ ትምህርት ናት። አስተማሪያችን ከደብረ ብርሃን የመጣ ቀጭን ወጣት ነው፤ መምህር ግርማ እንለዋለን። አንድ ቀን «ከራሳችሁ ፈጥራችሁ ታሪክ ጻፉ» አለን። «ግን መጀመሪያ ንድፍ አውጡ። መጨረሻውን ሳታውቁ እንዳትጀምሩ።»

እኔ ንድፉ አልሆነልኝም። መጨረሻውን ካወቅሁትማ መጻፉን ምን ያደክመኛል? «አንድ ሰው ቀይ በቅሎ ጠፋችበት» ብዬ ጀመርኩና እንደመጣልኝ ሄድኩ። ሰዎቹ ሊፈልጓት ወጡ። አንደኛው ከሁሉም በላይ ይጮሃል። እጄ ይጽፋል፣ እኔ ደግሞ በሆዴ ‘ይሄን ሰውዬ ምን ያስጮኸዋል?’ እላለሁ። መጨረሻ ላይ በቅሎዋ ከጩኸታሙ ሰውዬ ጎተራ ጀርባ ታስራ ተገኘች። ከማንም በፊት የገረመኝ እኔን ነው።

ጮክ ብዬ ሳነበው ያጨበጨበ የለም። አንዷ ሴት ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች። ምን እንዳልኩ የገባኝ ያን ጊዜ ነው።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ አውጫጭኝ ተጠራ። አውጫጭኝን ለማታውቁት፦ ሌባው ያልታወቀ ስርቆት ሲኖር የአገሩ ሰው በሙሉ ሜዳ ላይ ይሰበሰባል፤ ጥፋተኛው እስኪወጣ ማንም ወደ ቤቱ አይሄድም። ያየ ሰው ለሽማግሌዎቹ በጆሯቸው ሹክ ይላል፤ እነሱም «ወፍ እንዲህ አለችን» ይላሉ እንጂ ስሙን አያወጡም። ወፍ ይዞ መደበቅ ግን የሽማግሌ ወግ ነው። እንደኔ ያለ ጎረምሳ ወፍ ካለው ያወጣል።

ዳኛው አቶ ወልዴ ነበሩ። ሁለት እጃቸውን ከዘራቸው ላይ ደርበው አዩኝ።

«ወፍህ ማነው?»

«ወፍ የለኝም ጋሼ።»

«ያላየኸውን፣ ያልሰማኸውን ከየት አመጣኸው?»

«ስጽፍ መጣ።»

«ስጽፍ መጣ ይላል እንዴ! ጉንፋን ነው?»

ደምሴ ከወዲያ ተነሥቶ «ወይ ወፉን ያውጣ፣ ወይ ሌባው እሱ ራሱ ነው!» ብሎ ጮኸ።

አቶ ወልዴ ወደ መምህር ግርማ ዞሩ። «አንተ የተማርክ ነህ። ታሪክ የሚጽፍ ሰው መጨረሻውን አስቀድሞ ያውቃል ወይስ አያውቅም?»

መምህሩ ሐቀኛ ልጅ ነው። ላቡን ጠረገና «ያውቃል» አለ። «እኔ ያስተማርኳቸው እንደዚያ ነው።»

አለቀልኝ አልኩ። ጉሙ ተነሥቷል፤ ያለ ወቅቱ የመጣ ደመና ከላይ ከብዷል፤ የሁሉም ገብስ ሜዳ ላይ ነው። ሰው ሰማዩን ያያል፣ ቀጥሎ እኔን ያያል። እናቴ ሳትቀር ጠጋ ብላ «ልጄ፣ የነገረህ ካለ ተናገርና እንሂድ» አለችኝ። የወለደችኝ ጠረጠረችኝ። የአንድ ሰው ስም ብጠራ እለቀቃለሁ፤ ግን የማንን? ዝም ካልኩ ደግሞ የሌባ ተባባሪ ነኝ፤ ማኅበር የሚያስገባኝ፣ እሳት እንኳ የሚያጭረኝ ጎረቤት አይኖርም።

አልቃሿ የተነሣችው ይሄኔ ነው። ሰው ሲሞት ሙሾ የምታወርድልን ሴት ናት። ለለቅሶ እንጂ ለሠርግ የሚጠራት የለም።

«ጋሽ ወልዴ፣ ለአባትዎ ያወረድኩትን ሙሾ ያስታውሱታል?»

«እንዴት እረሳዋለሁ።»

«ማን ነገረኝ?»

መልሳቸውን ሳትጠብቅ ቀጠለች።

«እኔ የመጀመሪያዋን ቃል ብቻ ነው ይዤ የምነሣው። የሚቀጥለውን እንደናንተው እኔም ስሰማው ነው። አስከሬን ፊት ቁሜ ንድፍ ላውጣ እንዴ?» ሰው ጉምጉም አለ። «ይሄም ልጅ እንደሱ ከሆነ እዚሁ ይታይ። መነሻውን እርስዎ ይስጡት። መቼም እርስዎ ሆድ ውስጥ የምትገባ ወፍ የለች።»

አቶ ወልዴ ትንሽ አሰቡ። «እሺ። ለተዝካር የተጠመቀ ጠላ ነበር። ሲነጋ ጋኑ ጎድሎ ተገኘ። ቀጥል።»

ፊታቸውን ማየት ስለፈራሁ አቀርቅሬ ጀመርኩ። «ባለቤቲቱ መጀመሪያ ልጆቹን ጠረጠረች። አፋቸውን ብታሸት ሽሮ ሽሮ ይላል። ቀጥላ መሪጌታውን ጠረጠረች። መሪጌታው ግን ከቀመሰ ቅኔ ሳይዘርፍ አይተኛም፣ ድምፁ ደግሞ አልተሰማም።» አንዳንዱ ፈገግ አለ። «በማግሥቱ ጋኑ ዙሪያ አመድ ነሰነሰች። ስታየው የእግር ዱካ አለ። ከጎኑ ግን…»

ቆምኩ። ከጎኑ ምን እንዳለ አላውቅም። ዓይኔ ያረፈው የአቶ ወልዴ ከዘራ ላይ ነው።

«…ከጎኑ ግን ክብ ክብ ቀዳዳ አለ። የከዘራ ጫፍ የወጋው የሚመስል።»

አቶ ወልዴ ከዘራቸውን ወደ ኋላ ሳብ አደረጉና «ይሄንን ማን ነገረህ!» አሉ።

ከዚያ ሳቁ ፈነዳ። ባለቤታቸው ከሴቶቹ መሐል ብድግ ብለው «አንቱ! እኔ እኮ እስከ ዛሬ እህቴን ነው በከንቱ የተቀየምኩት!» አሉ። አልቃሿም ቀበል አድርጋ «ጋሽ ወልዴ፣ ወፉ ማን እንደሆነ እንጠይቀው እንዴ?» አለቻቸው። ሽማግሌው ሊቆጡ ሞከሩ፤ ሳቁ ቀደማቸው። «ተነሡ፣ ገብሳችሁን ሰብስቡ» ብለው በተኑን።

ጥቂት ቀን ቆይቶ በሬው ከባልቴቷ አጥር ሥር ታስሮ አደረ። ማን እንዳመጣው ወፍም አልተናገረችም። ከሁሉ ቀድሞ ደርሶ «እሰይ! እሰይ!» እያለ የጮኸው ደምሴ ነው። ከዚያ ወዲያ ሰው እኔ ባለሁበት መጫወት ተወ። ማኅበር ቤት ስገባ «ዝም በሉ፣ ይጽፈናል» ይባባላሉ። እኔም እርሳሱን ለብዙ ዓመት አላነሣሁትም።

ይህን ለዳዊት ስነግረው «እና አባባ፣ የትኛው ይሻላል?» አለኝ። ንድፍ አላምንም፤ የሰው ልጅ በቀስት አይሄድም። ግን ሳይጠሩት የሚመጣውንም አላምነውም። ከዘራው ዓይኔ ፊት ነበር። የደምሴ ጉዳይስ? ምናልባት በዚያ ሰሞን በደጁ ሳልፍ የሰማሁት ነገር ይኖር ይሆን? እኔ ሳላውቅ ጆሮዬ የያዘው? በዚያ ሁሉ ሕዝብ ፊት ወፍ የለኝም ብያለሁ፤ አሁን ብቻዬን ፀሐይ ስሞቅ ራሴን መልሼ እጠይቀዋለሁ፣ መልሱንም አምኜ አልቀበለውም።

ያን ቀን ግን እኔን ማመን ሞኝነት በሆነበት ሰዓት አንዲት ሴት አመነችኝ። ታሪኩ አልመጣልኝ ቢል ኖሮ አብራኝ ነበር የምትወድቀው። እትዬ የሺመቤት ትባል ነበር።