የአውድማው ከሰል

በእኛ አገር እህሉ ተወቅቶ ጎተራ እስኪገባ ድረስ አውድማ ላይ ሰው ያድራል። ከሰቆጣ በላይ ያለው ደጋ ታኅሣሥ ላይ ውርጭ ይጥላል። ቢሆንም አውድማ አጠገብ ነበልባል አይነድም፤ አንድ ፍንጣሪ የዓመቱን እህል ከነጭዱ ይዞ ይሄዳል። ስለዚህ ጠባቂው ከሰል ይወስዳል። ከሰል አይንበለበልም፣ አይጨስም። ሁላችንም ደህና እሳት ይመስለን ነበር።

ድሮ የጠባቂው ጎጆ የሳር ነበር፤ ነፋስ ያስገባል። ኋላ ሸራ መጣ። አምና ባለቤቴ ሸራው ዙሪያውን በድንጋይ ተይዞ፣ ማንደጃው እግሩ ሥር ሆኖ ተኛ። ጠዋት ቁርስ ይዤለት ስሄድ አልነቃም።

ዘንድሮ ገብሱን ሊጠብቁልኝ የመጡት አባቱ ናቸው። ልጃቸውን ከሰል ገደለው ቢሏቸው አያምኑም። ምች ነው ይላሉ። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ያንኑ ሸራ ወጥረው፣ ማንደጃውን አንስተው ሊገቡ ሲሉ ደረስኩ።

እሳቱ ውጭ ይቅር አልኳቸው። ሳቁብኝ።

«አንቺ ደግሞ፣ ሽማግሌውን በብርድ ገድለሽ መሬቱን ልትጠቀልይ ነው?»

ብርዱ የሚወጣው ከመሬት ነው፣ ጭዱን በወፍራሙ እናንጥፍ፣ ደረቅ ካልሲና ሁለት ጋቢ ይዤልዎታለሁ አልኩ። አልሰሙኝም። ጎንበስ ብለው ሊገቡ ሲሉ ለማንም ያልነገርኩትን ነገርኳቸው።

«አባ፣ የዚያን ዕለት ከሰሉን ያመጣሁለት እኔ ነኝ። በረደኝ እንኳ አላለኝም። ሸራውንም ንፋስ እንዳይገባ በድንጋይ የያዝኩት እኔ ነኝ።»

ማንደጃውን እንደያዙ ቆሙ። እጃቸውን ያቃጥላቸው ይሆን ብዬ አሰብኩ፤ ሌላ የተሰማኝ ነገር የለም። ከዚያ ከአውድማው ራቅ ብለው ሄዱ፤ ፍሙን ድንጋይ ላይ ደፍተው አፈር መለሱበት። ተመልሰው ሸራውን መፍታት ጀመሩ። በሌላው ጫፍ ያዝኩላቸው።

«ያኔ ነግረሽኝ ቢሆን» አሉ። አልጨረሱትም።

ከክምሩ ወዲያና ወዲህ ጭድ ውስጥ ገብተን አደርን። ሲነጋ ጋቢዬ ላይ ውርጭ ነጥቶ ነበር። ከክምሩ ማዶ አማቴ ሲስሉ ሰማሁ። እንደተኛሁ ደግመው እስኪስሉ ጠበቅሁ።