ሕልም የጠበቅሁባቸው ጠዋቶች

ልጄ ኢስቲኻራ በሰገደች ማግስት ዓይኗን እስክትገልጥ አላስቻለኝም። አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀምጬ ጠበቅኋት፤ ገና ስትገላበጥ "ምን አየሽ?" አልኳት።

"ምኑን?"

"ሕልም ነዋ።"

"ምንም አላየሁም፣ እማ። ጥሩ እንቅልፍ ተኛሁ።"

ይህን ብላ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። እኔ ስገላበጥ ያደርኩት እሷ ጥሩ እንቅልፍ እንድትተኛ ነው እንዴ? ብርድ ልብሷን ገፈፍኩና ተነሺ፣ የሱብሒ ሶላት እንዳያልፍሽ አልኳት።

ኢስቲኻራ ሰው ሁለት መንገድ ሲገጥመው የሚሰግደው ሶላት ነው። ሁለት ረከዓ ሰግዶ "ጌታዬ፣ አንተ ታውቃለህ፤ ኸይር ከሆነ አግራልኝ፣ ሸር ከሆነ አርቅልኝ" ብሎ ነገሩን ለአላህ ይሰጣል። በእኛ ሰፈር ደግሞ ከሶላቱ በኋላ ሕልም ይጠበቃል። ነጭ ወይም አረንጓዴ ያየ ይሂድ፣ ጥቁር ወይም ቀይ ያየ ይቅር ይባላል። ይህን ማን እንደጀመረው አላውቅም፤ ከእናቴ ሰማሁ፣ ለልጄም እንዳለ አስተላለፍኩ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ልጄ አሥራ ሁለተኛን ጨርሳ ፈተናውን አለፈች። አልሐምዱሊላህ ብለን ሳንጠግብ ምደባው ወጣ። የደረሳት ዩኒቨርሲቲ ደቡብ ጫፍ፣ ከደሴ በአውቶቡስ ሁለት ቀን የሚያስኬድ ሆኖ ተገኘ። መንገዱ ደግሞ የዘንድሮ መንገድ ነው። ዛሬ ተከፈተ ሲሉት ነገ ተዘጋ ይላሉ። እኔ እዚሁ ደሴ ፒያሳ ባለችው ሱቄ የተማሪ ዩኒፎርም እሰፋለሁ፤ ልጇን ልታስለካ የመጣች ሴት ሁሉ አውቶቡስ አስቁመው ሰው አወረዱ የሚል ወሬ ሳትይዝ አትመጣም። በሌላ በኩል ኮምቦልቻ አንድ የክር ፋብሪካ ሠራተኛ እየቀጠረ ነበር። የእናቴ እህት እዚያው ኮምቦልቻ ነው የሚኖሩት። ልጄ ከአክስቴ ጋር ትኖራለች፣ እኔም ሲያምረኝ ሚኒባስ ተሳፍሬ፣ የሐረጎን ቁልቁለት ወርጄ፣ ዓይኗን አይቼ እመለሳለሁ። ሁለቱም በአንድ ሰሞን መልስ ይፈልጉ ነበር።

እኔ በበኩሌ መርጬ ጨርሻለሁ። ግን ነፍስ ካወቀች ጀምሮ "የከበደሽን ነገር ለአላህ ስጪ" እያልኩ ያሳደግኳት እኔ ነኝ፤ ዛሬ በምን አፌ ቅሪ ልበላት? ስለዚህ ኢስቲኻራ ስገጂ አልኳት። አላህ ከእኔ ጋር እንደሚስማማ አልተጠራጠርኩም።

ትንሽ ሳለች እንዴት እንዳስተማርኳት አልረሳውም። በወላጆች በዓል ግጥም እንድታነብ ተመርጣ ነበር። በዚያው ቀን ኮምቦልቻ የአጎቷ ልጅ ታገባለች። አንዱን ስትይዝ ሌላው እያሳሳት ስታለቅስ ዋለች። አጠገቤ አስቀምጬ "ሁለት ረከዓ ስገጂና ልብሽ ያረፈበትን ያዢ። ከያዝሽ በኋላ ወደ ኋላ አትዪ" አልኳት። ሰገደች፣ ግጥሙን መረጠች። በበዓሉ ቀን መድረክ ላይ ወጥታ እኩሌታው ላይ ስትደርስ ረሳችው። ዝም ብላ ቆመች፣ ቆመች፣ እጅ ነሥታ ወረደች። እኔ ወላጆች መሐል ተቀምጬ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። እሷ ግን እጄን ይዛ ከበሩ ስንወጣ "አላህ ያውቃል" አለችና ከረሜላ ግዢልኝ አለችኝ። ያን ወሬ ፒያሳ ላይ ያልነገርኩት ሰው የለም። ልጅ እንዲህ ነው የሚታነጽ እያልኩ ጎረቤቱን አሰለቸሁት።

እና ሁለተኛውም ጠዋት ምንም አላየችም። "ድገሚው" አልኳት። በማግስቱም ምንም። "ውዱእሽን በደንብ አድርጊ፣ በቀኝ ጎንሽ ተኚ፣ ስልክሽን ከራስጌሽ አርቂ" አልኳት።

"እማ፣ ኡስታዛችን ሕልም ግዴታ አይደለም ብላናለች። ልብ ሲያርፍ በቂ ነው።"

"ያንቺ ልብ የት ላይ አረፈ?"

"መሄዱ ላይ።"

"እንግዲያው ድገሚው" አልኳት።

አንድ ጠዋት ብቻ ገና ሳልጠይቃት "ዛሬስ አየሁ" አለች። ልቤ ዘለለ። ፍየል የአባቷን ኮፊያ ስትበላ አይታለች። ቀለሙ ምን ነበር ብላት "የፍየሏ ነው የኮፊያው?" አለችኝ። ፍየሏ ነጭ፣ ኮፊያው ጥቁር። እንዴት እንደምፈታው ጠፍቶኝ ቀኑን ሙሉ ስብሰለሰል ዋልኩ። ነጩ ጥቁሩን ከበላው መሄድ ነው፤ ግን ኮፊያው የአባት ነው፣ አባት ደግሞ ቤት ነው። ማታ ላይ እሷና አባቷ እራት ላይ አፋቸውን ይዘው ሲንፈቀፈቁ ነው ፈጥራው እንደሆነ የገባኝ። ተናድጄ እራቴን ትቼ ተነሣሁ፤ ጓዳ ገብቼ ግን እኔንም ሳቅ አፈነኝ።

ባሌ ኮምቦልቻ ደረቅ ወደብ ነው የሚሠራው፤ ጠዋት ይወርዳል፣ ማታ ይወጣል። ነገር የማይሞቀው ሰው ነው። "ግመልህን እሰርና በአላህ ተመካ ነው የተባልነው" አለኝ። "አንቺ ግመሏን ማሰር አልበቃ ብሎሽ አንገቷን ልታንቂያት ነው።"

"ያልጠረጠረ ተመነጠረ" አልኩት።

"ታዲያ ተጠራጠሪ፤ ጥርጣሬሽን ግን ኢስቲኻራ ብለሽ አትጥሪው።"

ይህን ብሎ ተኛ። የእሱ እንቅልፍ ከንግግሩ ይበልጥ አናደደኝ።

በዚያ ሰሞን መቀመጥ የሚባል ነገር አልሆነልኝም። መርፌ ይዤ ስልክ አነሣለሁ፣ ስልክ ይዤ በር ላይ እቆማለሁ። አንድ ሸሚዝ ላይ እጅጌውን ገልብጬ ሰፋሁ፤ የአንዱን ሱሪ ኪስ አፉን ደፈንኩት። እናትየዋ ልጇን ስታስለብስ እጁ አልገባ ብሎት "ምነው፣ ኪስ ተከለከለ እንዴ?" አለችኝ። ስፌቱን ፈትቼ እንደገና ሰፋሁት። ፈራሁ። ልጄ ከዚያ መንገድ ላትመለስ ትችላለች ብዬ ፈራሁ፤ ይህን ቃል ለማንም አልተናገርኩም፣ ለአላህም ጭምር።

በመጨረሻ ዘዴ መጣልኝ። አክስቴ ሐሙስ ሐሙስ ቤታቸው ወዳጃ አላቸው፤ የሰፈሩ ሴቶች ተሰብስበው ዱዓ ያደርጋሉ። ደወልኩላቸውና "ልጅቷ እንድትቀር ዱዓ ያድርጉልኝ" አልኳቸው።

"ይዘሻት ነይ" አሉኝ። ሌላ ቃል አልጨመሩም።

ሐሙስ ከሰዓት ወረድን። ደሴ ጉም ለብሳ ነው የተውናት፤ ሐረጎን እየተጠማዘዝን ስንወርድ ሙቀቱ ተቀበለን። በየመታጠፊያው እኔ ከንፈሬን አንቀሳቅሳለሁ፣ እሷ መስኮቱን ከፍታ ቆሎ ትቆረጥማለች።

ሴቶቹ ግድግዳውን ተደግፈው ተቀምጠዋል፣ ጫቱም ቀርቧል። በወዳጃ ወግ ሐጃ ማለትም ጉዳይ ያለው ሰው ራሱ ጮክ ብሎ ይናገራል፣ አክስቴ ዱዓውን ያወርዳሉ፣ ሌላው እጁን ዘርግቶ አሚን ይላል። አንድ ጊዜ አሚን የተባለበት ሐጃ ከዚያ ወዲያ የሁሉም ነው፤ ተሳስቻለሁ፣ መልሱልኝ አይባልም። አንዷ ለታመመ ባሏ አስደረገች፣ አንዷ ለጠፋች ላሟ። ተራው ሲደርሰኝ ጉሮሮዬን ጠረግኩ። አክስቴ በእጃቸው ቆይ አሉኝ።

"ጉዳዩ የማን ነው? የልጅቷ አይደል? እሷ ትናገር።"

ልጄ ሻሿን አስተካከለች። ዓይኗን ወደ እኔ አላዞረችም።

"የኔ ሐጃ አልቋል፣ አያቴ" አለች። "ለአላህ ሰጥቼዋለሁ፤ ያገራልኝ ኸይር ነው። የቀረኝ የእናቴ ነው። እናቴ እንቅልፍ አጥታለች። እናቴ እንድትተኛልኝ ዱዓ አድርጉልኝ።"

አክስቴ እጃቸውን አነሡ። "አላህ ለእናትሽ እንቅልፍ ይስጣት፣ ልቧን ያሳርፍላት። አንቺንም በሄድሽበት ይጠብቅሽ፣ በሰላም ያግባሽ።"

"አሚን" አሉ ሴቶቹ። እኔም አልኩ። ሰው ዱዓ ሲያደርግ አሚን ማለት ከልጅነቴ አብሮኝ ያደገ ነገር ነው፤ ቃሉ ከልቤ ቀድሞ ከአፌ ወጣ። በሄድሽበት ብለዋል እኮ። በገዛ አፌ መሄዷን አጸደቅኩ። እንባዬ መጣ፤ የንዴት ይሁን የሌላ ለይቼ አላወቅሁትም። ልጅ ለእናቷ ምጥ አስተማረች ሲባል ስድብ ይመስለኝ ነበር።

ስንወጣ አክስቴን በር ላይ ያዝኳቸው። "አክስቴ፣ በስልክ ያልኩዎትን ረሱት እንዴ?"

"አልረሳሁም" አሉ። "አንቺ መልሱን ይዘሽ ነው አላህ ዘንድ የመጣሽው። እሷ ጥያቄዋን ይዛ መጣች። አብሽሪ፣ ልጄ።" ጉንጬን መታ መታ አድርገውኝ ወደ ሴቶቹ ተመለሱ።

የምትሄድ ዕለት ንጋት ላይ መናኸሪያው በጉም ተሸፍኖ ነበር። ዳቦ ቆሎ ጋገርኩላት፣ መታወቂያዋን እንድትይዝበት ቀሚሷ ውስጥ የተደበቀ ኪስ ሰፋሁላት። ይሄኛውን ኪስ አልደፈንኩትም። ባሌ ሻንጣዋን ሲጭን እኔ ረዳቱን መንገዱ እንዴት ነው ብዬ ጠየቅሁት። "ሰላም ነው፣ እናት" አለኝ። ሹፌሩንም ጠየቅሁት። ሹፌሩም ያንኑ አለ። ሦስተኛ ሰው ስፈልግ ባሌ ክንዴን ያዘኝ።

ከኮምቦልቻ ወዲያ ያለችውን የደጋን ከተማ እንዳለፉ ደወለች፤ ድምጿ እየተቆራረጠ "ደጋን አለፍን" አለችኝ። ማታ አዲስ አበባ አጎቷ ቤት ገባች። በማግስቱ ግን ከረፋድ ጀምሮ ስልኳ አልሠራም። ደወልኩ፣ አልሠራም። ደግሜ ደወልኩ። አንዲት ደንበኛ ወሬ ይዛ ስትገባ ልጇን ሳልለካላት ሱቁን ዘግቼ ወደ ቤት ሄድኩ። የአስርን ሶላት ሰገድኩና መስገጃው ላይ ቀረሁ። የምለው ጠፋኝ። እስከዚያ ድረስ አላህን በለመንኩ ቁጥር አድርግልኝ፣ አታድርግብኝ እያልኩ መንገዱን አሳየው ነበር። ያን ቀን አቅም አጣሁ። "ያ ረቢ፣ ፈርቻለሁ" አልኩ። "ልጄ አንተ ጋ ናት። እኔ ጋ የለችም።" እጄን ፊቴ ላይ አበስኩና እዚያው ጋደም አልኩ።

ስነቃ ብርድ ልብስ ተደርቦልኛል፤ በመስኮቱ የጠዋት ብርሃን ይገባል። ባሌ ለሥራ ለብሶ ጫማውን ያስራል። ዘልዬ ተነሣሁ።

"ደርሳለች" አለኝ። "ማታ ነው የገባችው፤ ስልኳ መንገድ ላይ ባትሪ ጨርሶባት ነበር። ያንቺ ስልክ ላይ ደጋግማ ብትደውል ስላላነሣሽ እኔ ጋ ደወለች። ልቀስቅሳት ብላት እንዳትነካት አለችኝ።"

ስልኬን ፈልጌ ደወልኩላት። ወዲያው አነሣችው። ከኋላዋ የሴት ልጆች ሳቅና የባልዲ ድምፅ ይሰማል።

"እማ፣ ተኛሽ አሉ።"

"ተኛሁ" አልኳት።

ከዚያ ያቺ የማውቃት ተንኮል በድምጿ መጣች።

"ምን አየሽ?"

"ምንም አላየሁም" አልኳት። "ጥሩ እንቅልፍ ተኛሁ።"