የደምሌን መርዶ ይዤ ወደ ላስታ

ከወልድያ የተነሣነው በማለዳ፣ ጨው በጫነ መኪና ነው። ጋቢና ውስጥ ከሾፌሩ ጎን ብቀመጥም ለምን እንደምሄድ አልነገርኩትም። የመሥሪያ ቤታችን የድልድይ መሐንዲስ፣ የረጅም ጊዜ ባልደረባዬ ደምሌ፣ አዲስ አበባ ታሞ አርፏል። አባቱ እስኪመጡ መጠበቅ ስላልተቻለ እዚያው ቀበርነው። አባባ ካሴ ላሊበላ አጠገብ ባለች መንደር ሆነው ገና አልሰሙም፤ መርዶ ደግሞ በመንገደኛ ወሬ አይደርስም። በወጉ፣ ከሽማግሌዎች ጋር ሆኜ እንዳረዳቸው ጓደኞቼ እኔን ላኩኝ። ወሬው ከቀደመኝ ሽማግሌው የልጃቸውን ሞት ገበያ ላይ ሊሰሙት ነው። ስለዚህ የሐዘን ጢሜን ተላጭቼ፣ ጥቁሬን አውልቄ ወጣሁ።

ኬላው

ዳገቱን ጨርሰን ኬላ ስንደርስ አንድ ካድሬ የይለፍ ወረቀቴን አገላበጠ።

«ጓድ፣ የጉዞው ዓላማ?»

ከኋላ ጭነቱ ላይ የላስታ ሰዎች ተሳፍረዋል። «የድልድይ ቁጥጥር» አልኩ።

«ድልድዩ ምን ሆነ?»

«ምንም አልሆነም።»

«ታዲያ ምን ያስኬድሃል?» ብሎ አፋጠጠኝ። ደምሌ ድልድይ እንጂ ውሸት መሥራት አላስተማረኝም፤ ስንተባተብ ሰልችቶት አሳለፈን።

ጋሸና

ብርዱ አጥንት ይሰብራል። ምሳ ሽሮ በገብስ እንጀራ በላሁ። የምግብ ቤቷ ባለቤት እትዬ ዘሀራ ከመንገዱ ሥራ ጊዜ ጀምሮ ታውቀኛለች።

«ያ መሐንዲስ እንዴት ነው? ምነው ጠፋ?»

«ደህና ነው። ሥራ በዝቶበት ነው።»

«አላህ ያቆይልን! ወላሂ እንደሱ ያለ ሰው አላየሁም። ሠራተኛው ሳይቀርብለት እሱ እጁን አይታጠብም ነበር እኮ!»

እውነቷን ነው። የቀረውን እንጀራ ትቼ ሒሳቤን ከፍዬ ተነሣሁ።

ወደ ላሊበላ ታጥፈን የገብሱን ማሳ በግራና በቀኝ እያየን ወረድን። ደምሌ የሠራው ድልድይ ላይ ስንደርስ ሾፌሩ ክላክሱን ነፋ።

«ይኼን የሠራው ሰውዬ እብድ ነው» አለኝ እየሳቀ። «መጀመሪያ ጭነት ይዤ የተሻገርኩት እኔ ነኝ። ከሥር ገብቶ ቆመ! ውጣ ቢሉት አልወጣም አለ።»

እኔም ያን ቀን ዳር ቆሜ ከለመኑት አንዱ ነበርኩ። «እኔ የማላምነውን ለሰው አልሰጥም» ነበር መልሱ። ብዙ የተማረ ሰው አውቃለሁ፤ በሥራው ሥር የሚቆም ግን ከሱ ሌላ አላየሁም። ይህን ለሾፌሩ መናገር አማረኝና ፊቴን ወደ መስኮቱ አዞርኩ።

መርዶው

መንደሩ የገባሁት ሲመሽ ነው። አባባ ካሴ እንዳያዩኝ የንስሐ አባታቸው ቤት ተሸሽጌ አደርኩ። ጎሕ ሲቀድ ከቄሱና ከሽማግሌዎቹ ጋር ደጃቸው ቆምን። አባባ ካሴ ጋቢያቸውን ለብሰው ወጡ።

«በዚህ ማለዳ በደኅና አልመጣችሁም። ማን ነው?»

«እግዚአብሔር ያጽናዎት» አሉ ቄሱ። «ደምሌ ነው።»

የበሩን መቃን ያዙ። ቄሱን አልፈው እኔን አዩኝ።

«ዓይኑን ማን ከደነው?»

«እኔ ነኝ፣ አባባ። እጁም በእጄ ነበር።»

«ብቻውን አልነበረማ» አሉና ያን ጊዜ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው አለቀሱ።

ግቢው በሰው ሞላ። አንዲት አልቃሽ እንዲህ አለች፦

ሁሉን አሻግሮ ሁሉን አሻግሮ፣
ማን አሻገረው እሱን ዘንድሮ?

አለቀስኩ። አዲስ አበባ ቀብሩ ላይ የሥራ ታሪኩን ሳነብ እንኳ እንዲህ አልወጣልኝም ነበር። እኛ ከተሜዎቹ ማዕረጉን ስንዘረዝር የላስታ ሰው ግን ምን እንደሠራላቸው ያውቃል።

መመለስ

ሐዘን ሲረግብ አባባ ካሴ እስከ መኪናው ድረስ ሸኙኝ።

«በደኅና መግባትህን በሰው ላክልኝ» አሉ። «ደምሌ አዲስ አበባ በገባ ቁጥር ይልክልኝ ነበር። መንገድ ላይ ያለ ሰው ሳስብ እንቅልፍ አይወስደኝም።»

ከዚህ ጉዞ የተማርኩት ብዙ ነው። ደምሌ ለሰው መጠንቀቅን ከትምህርት ቤት እንዳላመጣው ያወቅሁት ግን እዚያች መኪና አጠገብ ነው።

አዲስ አበባ ስደርስ ቤቴ አልገባሁም። በቀጥታ ወደ ጭነት መኪናዎቹ ተራ ሄጄ ወደ ላስታ የሚመለስ ሾፌር ፈለግሁ።

«ለአባባ ካሴ ንገርልኝ» አልኩት። «ልጅዎ በደኅና ገባ በላቸው።»