የጋሽ ውሃ ጉበት

የእህቴን ባል ሰፈሩ «ጋሽ ውሃ» ይለዋል። ልብስ ሰፊ ነው፤ ከውሃ በቀር በጉሮሮው ያለፈ መጠጥ የለም። እኔ ደግሞ፣ ይቅር ይበለኝና፣ የእሱንም ድርሻ ጠጥቼለታለሁ። በሱቁ ደጅ ባለፍኩ ቁጥር ከስፌት መኪናው ቀና ብሎ «ኧረ ጉበትህን እዘንለት!» ሳይለኝ አይቀርም።

ታዲያ ጎኑን አመመውና ሆስፒታል ወሰድነው። የሆዱ ውስጥ ምስል ተነሣ። እብጠት የተገኘው በማን ጉበት ላይ ቢሆን ጥሩ ነው? በጋሽ ውሃ!

«ከዚህ በፊት የጉበት በሽታ ነበረብዎ? ይጠጣሉ?» አለችው ሐኪሟ።

«ቀምሼው አላውቅም!» አለ፣ ደረቱን ነፍቶ።

«ነገሩን ያከበደብን እሱ ነው። ጉበትዎ ቀድሞ የተጎዳ ቢሆን ኖሮ፣ ብዙ ጊዜ ምስሉ ብቻውን ካንሰር መሆኑን ይነግረን ነበር። ጤነኛ ጉበት ላይ ግን ሌላም ነገር ሊሆን ይችላል። በመርፌ ከእብጠቱ ቁራጭ ወስደን ካልመረመርን እርግጠኛ አንሆንም።»

«ስላልጠጣሁ ልወጋ?»

ሳቄ አመለጠኝ። እህቴ በክርኗ ጎሰመችኝ።

ዕድሜ ልኩን መርፌ ይዞ የኖረ ሰው መርፌ ፈራ! «ሞቼ ነው ቆሜ!» ብሎ ወደ ሱቁ ተመለሰ። እህቴ ለምና ለምና ደከማት።

አንድ ቀን ሱቁ ውስጥ ተቀምጠን ሳለ አንዲት ደንበኛ መጥታ የጨርቅ ፎቶ በስልኳ አሳየችው። እንደዚህ ያለ ይፈልግላት ዘንድ ነው።

«ልጄ፣ ፎቶ ያታልላል» አላት። «ሐር ይሁን ናይለን በምን አውቃለሁ? ቁራጩን አምጪልኝ።»

ቁልፍ ትተክል የነበረችው እህቴ ቀና አለች። መርፌዋን እንደያዘች ትክ ብላ አየችው። እሱም ሜትሩን ከአንገቱ አወረደና «እሺ በቃ! ገባኝ» አለ።

ሄዶ ተወጋ፤ ውጤቱ ካንሰር ሆነ። ያን ቀን እኔም እንኳ ቀልድ ጠፋኝ።

ቀዶ ሐኪሙ ግን «የቀረው ጉበትዎ ጤነኛ ስለሆነ ቆርጠን እናወጣዋለን» አለው። «ክፉኛ የተጎዳ ጉበት ቢሆን አንደፍርም ነበር።»

አሁን ሊኮራብኝ ነው ብዬ ስጠብቅ፣ ጋሽ ውሃ ወደ እኔ ዞሮ እንባው ዱብ ዱብ አለ።

«ሰማህ? አንተ ብትሆን እኮ አይቆርጡልህም ነበር!»

በሽተኛው እሱ፣ የሚለቀስልኝ እኔ! አንጀቴን በላው። እሱ ቀዶ ጥገና በገባ ዕለት እኔ እዚያው ሆስፒታል ጉበቴን ልታይ ወረፋ ያዝኩ።

ያችው ሐኪም ቀና ብላ «ትጠጣለህ?» አለችኝ። የምነፋው ደረት አልነበረኝም።