አንድ ቦታ ላይ ያረፉ ሁለት ፊቶች

ላፕቶፕ ሲግል የሚሸት አቧራ አለ አይደል? ያ ሽታ አፍንጫዬ ሲገባ ዛሬም ሰውነቴን ውርር ያደርገኛል። ሆሳዕና ከተማ አኒሜሽን የማስተምራቸው ልጆች "ቲቸር፣ ምን ሆንሽ?" ይሉኛል። ምን ብዬ ልንገራቸው!

ታላቅ እህቴ አንጋጫ ጤና ጣቢያ ነርስ ነበረች። አንድ ቅዳሜ ወደ ቤት ስትመጣ የተሳፈረችበት መኪና ተገልብጦ በዚያው ቀረች። ሙት ዓመቷ ሲቃረብ፣ ጡረታ የወጣው አስተማሪ አባቴ አጠገቤ ቁጭ አለና "ይሄ የምትማሪው አኒሜሽን... እህትሽን አንዴ በበር ስትገባ ልታሳዪኝ ትችያለሽ?" አለኝ። ቪዲዮ እንኳ አልነበራትም፤ ካሜራ ስታይ ፊቷን በነጠላ የምትሸፍን ጉደኛ ነበረች። እምቢ ማለት አቃተኝ።

የነበሩን ሦስት ጉርድ ፎቶዎች ናቸው። አልበቃ ሲለኝ መጀመሪያ ኮምፒውተሩ ላይ የራሴን ፊት ሠራሁ፤ እንመሳሰል ነበር። ከዚያ የሷን በላዩ ላይ ቀረጽኩ። ሞኝነቴን እዪልኝ፣ የታችኛውን ማጥፋት ረሳሁት። በቅርብ ስሠራው ምንም አይታይም ነበር።

የከፈትኩለት ቀን ከሰዓት በረዶ ቆርቆሮውን ይደበድበው ነበር፤ የጋለው ላፕቶፕ አቧራ አቧራ ይሸታል። እህቴ ከሩቅ በሩ ላይ ብቅ አለች። ፊቷ መርገብገብ ጀመረ። እሷ፣ እኔ፣ እሷ፣ እኔ። በሷ ጉንጭ ላይ የኔ ዓይን። በስመአብ! ላፕቶፑን ጥዬው ልሮጥ ምንም አልቀረኝም። አባዬ ግን ንቅንቅ አላለም።

"እሷ ናት ወይስ አንቺ ነሽ?" አለ ቀስ ብሎ።

አስረዳሁት። ሁለት ፊቶች አንድ ቦታ ላይ ሲያርፉ ኮምፒውተሩ ከሩቅ የትኛው ከፊት እንዳለ መለየት ያቅተዋል፤ ምስሉ በተቀየረ ቁጥር አንዴ ይቺን፣ አንዴ ያቺን ያወጣል። "ሌላ ነገር እንዳይመስልህ፣ ስህተት ነው። አንዱን ካጠፋሁ ይስተካከላል።"

ለማጥፋት የኔን መረጥኩ። እውነቱን ልንገርሽ፣ ያን ዓመት ሙሉ በሷ ፈንታ እኔ በሞትኩ እያልኩ ነበር የኖርኩት።

ጣቴ ቁልፉ ላይ ሲደርስ እጄን ያዘኝ።

"አንቺን አታጥፊ፣ ልጄ።"

"አባዬ፣ ምስል እኮ ነው።"

"አውቃለሁ። ቢሆንም አታጥፊ።"

የሷን እንድመርጥ ነገረኝ። ቁልፉን ግን ራሱ ተጫነው። እህቴ ጠፋች፤ በሷ ቀሚስ እየተራመድኩ እኔ ብቻ ቀረሁ። በቀብሯ ቀን እንኳ እንባ ያልወጣው አባቴ ያኔ ድምፁን አውጥቶ አለቀሰ። እጄን ግን አልለቀቀም።