መምህር ልመንህና የፍርሃት ስሞች

መምህር ልመንህ ወገዳ ከተማ ላይ አሥራ ስድስት ዓመት እንግሊዝኛ ሲያስተምር ከአንድ ሰው ጋር እንኳ በእንግሊዝኛ ተነጋግሮ አያውቅም። ይህን የሚያውቁት እሱና ፈጣሪው ብቻ ነበሩ። አገሩማ «እንግሊዝኛ ለልመንህ ውኃው ነው» ይላል። ሰው በሌለው ነገር ሲመሰገን ምን ያህል እንደሚፈራ ማወቅ የሚፈልግ ቢኖር እሱን ይጠይቅ።

በልጅነቱ የተማረው በድጓ አገር በቤተ ልሔም ነው። ድጓ ቆጥሯል፣ ቅኔ ቀምሷል፣ የመጻሕፍት መምህራን አንዱን ቃል «አንድም» እያሉ ሲፈቱት እግራቸው ሥር ተቀምጦ ሰምቷል። ኋላ ወደ አስኳላው ዞሮ መምህር ሲሆን እንግሊዝኛውንም በዚያው ባህል ገባበት። መዝገበ ቃላቱን እንደ ዳዊት እየደገመ አጠናው። ክፍል ሲገባ አንድ ቃል ሰሌዳ ላይ ይጽፍና ዘመዶቹን ሁሉ ይጠራበታል፤ «አንድም እንዲህ ነው፣ አንድም እንዲያ ነው» እያለ ሲያብራራ ተማሪው ደወሉን ይረሳል። ክፉው ነገር ቃላቱን በዓይኑ እንጂ በጆሮው አለማወቁ ነው። ፈረንጅ ሲናገር ከሰማ የሚለየው ነገር የለም። አንድ ጊዜ ድልድይ ሊያዩ የመጡ እንግዶች አስተርጓሚ ቢፈልጉ፣ ጥርሴን አመመኝ ብሎ ጉንጩን በሻሽ አስሮ ሦስት ቀን ቤቱ ተከተተ። ለጥርስ ይበጃል የተባለ ቅጠል ሁሉ መጣለት፤ መራራውን ሁሉ ዝም ብሎ አኘከ።

ጎረቤቱ እትዬ የኔነሽ ባሏ የሞተባት፣ በገበያ ቀን ጌሾና ሽንኩርት የምትሸጥ ሴት ናት። ያለቻት አንዲት ልጅ ጽዮን ናት። ጽዮን ቤይሩት ሰው ቤት ከገባች ሦስት ዓመቷ ሲሆን እሑድ እሑድ ሳትደውል አትቀርም ነበር። ዘንድሮ ከጥምቀት ወዲህ ግን ድምፅዋ ጠፋ። አንድ እሑድ አለፈ፣ ሁለት አለፈ፣ አምስት አለፈ። የኔነሽ ገበያ ላይ ሽንኩርት እየመዘነች መሐል ላይ ትተወውና ስልኳን ታያለች። ሰውም አውቆላት አይቆጣም።

ማክሰኞ ከሰዓት ልመንህ ወደ ክፍል ሊገባ ሲል የኔነሽ ነጠላዋ መሬት እየጠረገ በትምህርት ቤቱ በር ሮጣ ገባች። ስልኩ በእጇ ላይ ይጮኻል።

«መምህር፣ ድረስልኝ! የውጭ ቁጥር ነው። ሁለቴ አነሣሁት፣ ሴት ናት፣ በእንግሊዝኛ መሰለኝ የምታወራው። ጽዮን ስትል ሰምቻለሁ!»

ሌሎቹ መምህራን ገለል አሉ፤ እንግሊዝኛ የልመንህ ርስት ነው። ተማሪውም ከቦ ቆመ። ዛሬ ጥርስ የሚያመው መምህር የለም።

ስልኩን ተቀብሎ «ሄሎ» አለ።

የሴትየዋ ድምፅ የቸኮለ ነበር። ከተዳፋት እንደሚወርድ ጠጠር መጣበት። «ጽዮን» የሚለውን ለየ፤ ሌላው ሁሉ አለፈው። መጨረሻው ላይ ድምፅዋ ከፍ ብሎ ቆመ። ጥያቄ ነው። ደገመችው። «አልገባኝም፣ እባክዎ ቀስ ብለው ይንገሩኝ» የሚለውን ዓረፍተ ነገር ልመንህ ያውቀዋል፤ በየዓመቱ መስከረም ላይ ያስተምረዋል። ግን ያ ሁሉ ዓይን ያየዋል።

«የስ» አለ። «የስ፣ የስ። ኦኬ።»

ሴትየዋ አጭር ነገር ተናገረችና ስልኩን ዘጋችው።

«ምን አለች?» አለች የኔነሽ።

«ደህና ናት።»

በዚያ አገር መርዶ በቀትር፣ ብቻውን ለቆመ ሰው አይነገርም። ሽማግሌና ዘመድ ተሰብስቦ፣ ጎህ ሲቀድ በር ድረስ ሄዶ ነው የሚያረዳው። እስከዚያው ለእናት የሚባለው አንድ ቃል ነው፤ ደህና ነው፣ ደህና ናት። ልመንህም ሳያስበው አፉ የለመደውን ተናገረ። የኔነሽ ፊቱን ትኩር ብላ አየችው። «ደህና ናት» ብላ ቀስ ብላ ደገመችው፤ ከዚያ ጉልበቱን ልትስም ጎንበስ አለች። ልመንህ እሳት እንደነካው ወደ ኋላ ዘለለ።

ክፍል ሲገባ የቀኑ ቃል ሰሌዳው ላይ ይጠብቀዋል። ጠዋት በራሱ እጅ የጻፈው ነው፦ አፍሬድ።

«አፍሬድ ማለት የፈራ ማለት ነው» ብሎ ጀመረ። ድምፁ ለራሱም እንግዳ ሆነበት። «ይህ የዘወትሩ ነው። ውሻ የፈራም፣ ፈተና የፈራም አፍሬድ ነው። አንድም ስኬርድ ይላል፤ ያው ነው፣ ግን የቤትና የሠፈር ቃል ነው፣ ልጅም ይለዋል። አንድም ፍራይትንድ ይላል፤ ይህ በድንገት ለመጣ ድንጋጤ ይሆናል። በሌሊት በር ሲመታ ብንን እንደምትሉት። አንድም አንክሸስ ይላል፤ ይህ ስጋት ነው። ነገሩ ገና አልመጣም፣ ይምጣ አይምጣ አይታወቅም፣ ሰውየው ግን እንቅልፍ የለውም። አንድም ቴሪፋይድ ይላል፤ ይህ የሁሉ አለቃ ነው፣ ጉልበት ያብረከርካል፣ ምላስ ያስራል።»

ምላስ ያስራል ሲል የኖራ ጠመኔው በጣቱ መሐል ተሰበረ። አሥራ ስድስት ዓመት ስማቸውን ሲጠራ የኖረው ሁሉ በአንድ ከሰዓት ተሰልፎ መጥቶ ደረቱ ላይ ተቀምጧል።

አበባየሁ የምትባል ተማሪ እጇን አወጣች። «መምህር፣ ሰው ራሱ ያደረገውን ነገር ሲፈራስ የትኛው ነው?»

መዝገበ ቃላቱን በሐሳቡ ከጫፍ እስከ ጫፍ ገለጠው። «ለነገ ይቆየን» አለ።

ማታ ቤቱ ገብቶም ሐሳቡ ከስልኩ ሴትዮ አልወጣም። ምን ብላ ነው የጠየቀችኝ? ለምኑ ነው የስ ያልሁት? ሞታለች፣ እዚሁ ትቀበር ወይ ብላ ቢሆንስ? ራቱን ሳይነካ ቀረ። ከየኔነሽ ቤት ሣቅ ሲሰማ በሩን ዘጋው፤ ጎረቤት የምሥራቹን ሰምቶ ተሰብስቧል። ሣቁ ግን በበሩም አልፎ ይመጣበታል።

ጎህ ሲቀድ ጋቢውን ደርቦ ወጣ። እንቅልፍ ያጣ ሰው ሰዓት አይመርጥም፤ የቆረጠው ሳይበርድበት ደርሶ እውነቱን ሊነግራት ቸኮለ። መንገድ ላይ ኪዳን አድርሰው የሚመለሱት አቶ አወቀ ደረሱበት። የመንደሩ ሽማግሌ ናቸው። ወዴት ነው ሲሉት «የኔነሽ ዘንድ» አለ። ፊቱን አይተው ሌላ ነገር ሳይጠይቁ አጠገቡ መራመድ ጀመሩ።

ሁለቱ ወደ ግቢው ሲገቡ የኔነሽ ከበረት ትወጣ ነበር። ሰዓቱን አየች፣ ጋቢውን አየች፣ ሽማግሌውን አየች።

«ወይኔ ልጄን!» ብላ ደረቷን መታች።

ያን ጩኸት ሰምቶ ቤቱ የሚቀር ሰው የለም። ጎረቤት ነጠላውን አዘቅዝቆ እየጮኸ መጣ፤ አቶ አወቀም ልመንህ ያውቃል ብለው ማልቀስ ጀመሩ። ልመንህ «መርዶ አይደለም! ስለ ማርያም፣ መርዶ አይደለም!» ቢል ማን ይስማው። በመጨረሻ ፊቷ ተንበርክኮ ሁለት እጇን ያዘ።

«ሴትየዋ ያለችው አልገባኝም፣ እትዬ። እንግሊዝኛው አልገባኝም። ደህና ናት ያልኩዎት ከራሴ ነው። በሕይወት ትኑር አትኑር አላውቅም።»

ጎረቤት ልቅሶውን ትቶ ጠጋ አለ። አሥራ ስድስት ዓመት የፈራው ቀን መጣ፤ ስለ እንግሊዝኛው ግን አንድም ሰው ግድ አልነበረውም።

«ታዲያ ማን ያውቃል?» አለች የኔነሽ። ድምፅዋ ሰልሏል።

«የሚያቅተኝ መስማት ነው እንጂ መጻፍ አያቅተኝም። በተደወለበት ቁጥር ልጻፍላት።»

ስልኳን ሰጠችው። «የጽዮን ቤተሰብ ነን። ትናንት የነገሩንን አልተረዳንም። እባክዎ ይጻፉልን» ብሎ በእንግሊዝኛ ጻፈ። ኔትወርኩ ሁለቴ መለሰበት፤ በሦስተኛው ሄደ። ከዚያ ጥበቃ ሆነ። ፀሐይ ወጣች፣ ከብቶቹ ሳይወጡ በረት ውስጥ ጮኹ፣ ከግቢው ግን የተንቀሳቀሰ የለም። ማልቀስም ዝም ማለትም አልሆን ብሎ ሰው እርስ በርሱ ይተያያል።

ስልኩ ሲንጫረር የኔነሽ ብድግ አለች። ልመንህ አነበበ።

«እንደ ትናንቱ እንዳታደርገኝ» አለችው።

አላደረጋትም። እየቆረጠ፣ አንዱን በአንድ ትርጉም ብቻ፣ ነገራት። «አሠሪዋ ነኝ ትላለች። ጽዮንን መኪና ገጭቷት ሆስፒታል ከገባች አምስት ሳምንት ሆናት። ስልኳ ተሰብሮ ቁጥራችሁን ያገኘሁት ትናንት ነው። እግሯ መርዞ ሐኪሞቹ ካልተቆረጠ ትሞታለች ብለው ነበር። ራሷን ስለማታውቅ ቤተሰቧ ይፈቅዳል ወይ ብዬ ብጠይቅ . . . » ቆመ። «ብጠይቅ የስ አላችሁኝ። ትናንት ማታ ቀኝ እግሯ ከጉልበቷ በታች ተቆረጠ። ነፍሷ ተርፏል። ዛሬ ነቅታ እናቴን ትላለች።»

አንዲት ሴት እልል ልትል ጀምራ አፏን በእጇ ያዘች።

የኔነሽ የበረቱ አጥር ላይ ተደገፈች። ከዚያ ወደ ልመንህ ዞረች።

«ብትነግረኝ ኖሮ እምቢ አልልም ነበር» አለች። «እግሯን ውሰዱ፣ ልጄን ተውልኝ እል ነበር። ግን የተጠየቅሁት እኔ ነበርሁ።»

«ይቅር ይበሉኝ፣ እትዬ።»

ይቅርም አላለችው፣ አልተቆጣችውም። ስልኩን በነጠላዋ ጫፍ ጠርጋ እጁ ላይ መልሳ አኖረችው።

«ጻፍ። እናትሽ አለሁ፣ የእግርሽን ነገር ሰምቻለሁ፣ ብቻ ኑሪልኝ በላት። ከራስህ ግን አንዲት ቃል እንዳትጨምር።»